ያልመረረው ጭስ

የዲያቆን ደሳለ ሚዜ ልሆን ተመርጬ ስለነበር ነገሩን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራው። ደሳለ ላሊበላ ውስጥ ፈረንጅ ያስጎበኛል፤ እሑድ እሑድ ይቀድሳል። በሚሊኒየሙ ዓመት፣ በጥር መጨረሻ፣ ሰርካለምን በተክሊል ሊያገባ ቀን ተቆርጦለት ነበር። አባቷ ቄስ ቢተው የይምርሐነ ክርስቶስ አገልጋይ ናቸው። ልጃቸውን ያለ ቁርባን እንደማይድሩ አገር ያውቃል።

ከገና በኋላ፣ በአንዱ ረቡዕ፣ ደሳለ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሲያስጎበኝ አርፍዶ ሆቴሉ በረንዳ ላይ አብሮት ተቀመጠ። ሰውየው በአገሩ የሲጋር፣ የዚያ ወፍራም ጥቅል ትምባሆ፣ ነጋዴ ነው። ከቆዳ መያዣው ሁለት አወጣና አንዱን ዘረጋለት።

«ይሄ ለስላሳ ነው። አጭሶ የማያውቅ ሰው ምን ምን እንደሚለው መስማት እፈልጋለሁ።»

ደሳለ ደንግጦ ዲያቆን መሆኑን፣ ቀኑም ጾም መሆኑን ነገረው።

«ጭሱ እኮ አይዋጥም፤ አፍህ ውስጥ አቆይተህ ትለቀዋለህ» አለው እንግዳው።

የኛ ሰው ይሄን ጊዜ ልቡ ከዳው። ካልተዋጠ አያስገድፍም ብሎ ለራሱ ፈረደ! እንዲህ ያለ ፍርድ ከዲያቆን በቀር ማን ይፈርዳል? ገበሬ ቢሆን ኖሮ ትምባሆ ትምባሆ ነው ብሎ ይገላገል ነበር።

እንግዳው ጫፉን ቆረጠለት፤ ነበልባሉን ሳያስነካ በክብሪት አሙቆ ለኮሰለት። ደሳለ ቀስ ብሎ ሳበ። መጀመሪያ ድርቆሽ ድርቆሽ አለው፤ ቆይቶ የገብስ ቆሎ፤ ከግማሽ በኋላ ደግሞ በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ። ወደ መጨረሻው ብቻ ምላሱን ትንሽ ቆንጠጥ አደረገው። ይህን ሁሉ ለእንግዳው አንድ በአንድ ነገረው። ወደድከው ወይ ቢለው፣ ወድጄዋለሁ አለ።

በረንዳው ከመንገድ ይታያል። ወሬው ሳይውል ሳያድር ቄስ ቢተው ጆሮ ገባ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «የነፍስ አባቱ ከፈቱት እኔም ፈትቼዋለሁ» ብለው ላኩ። እኔማ ተገላገልን ብዬ ነበር፤ የነፍስ አባቱ አባ ወልደ ኪዳን ሆደ ቡቡ ናቸው።

ደሳለ ሄዶ ተናዘዘ። የተባባሉትን ራሱ ነው የነገረኝ።

«ተጸጽተሃል ልጄ?»

«ማድረጌ ጸጽቶኛል አባ።»

«ነገሩንስ ጠልተኸዋል?»

«ልዋሽዎት አልችልም። ጥሞኛል። አሁንም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል።»

«እንዲህ እያልከኝ እንዴት አድርጌ ልፍታህ? እስኪ ጸልይ፤ ልብህ ሲጠላው ተመለስ።»

ጸለየ። ግንባሩ እስኪላጥ ሰገደ። በሰገደ ቁጥር ያ ጣዕም አፉ ላይ ይመጣበታል። ሰው ጣዕምን በምን ይጠላል? እኔም መላው ጠፋኝ። ተናደድኩበት፤ ደግሞ አንጀቴን በላኝ።

ሰርጉ ሲቃረብ ሰርካለም አስጠራችው። ለብቻቸው መገናኘት ነውር ነውና እኔም አብሬ ሄድኩ። ከአባቷ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆማ ጠበቀችን።

«መረረኝ፣ ጠላሁት በላቸው። አንዲት ቃል ናት» አለችው።

«መስቀል ተሳልሜ እንዴት ልዋሽ ሰርኬ?»

«ታዲያ እኔን ለማን ልትተወኝ ነው?»

  እሺ በላት ብዬ በክርኔ ጎሸም አደረግሁት፤ እሱ ግን ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች።

ሁዳዴ ሳይገባ ለአንድ የኩልመስክ ዲያቆን ተዳረች። በሰርጓ ዕለት ደሳለ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚወስዳቸው እንግዶች ነበሩት። የሚተካው አስጎብኚ ፈልጌ አጣሁ፤ ብቻውን እንዳይሆን ተከተልኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ዋሻ ስንወጣ ከታች ከነሰርካለም መንደር እልልታ ይሰማል። እንግዶቹ ምንድን ነው አሉት። ሰርግ ነው አላቸው። የአበሻ ሰርግ አይተን አናውቅም፣ እባክህ አሳየን ብለው ለመኑት። እምቢ በል ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት። ምን ብሎ እምቢ ይበል? ከፊት ከፊታቸው ወረደ፤ ዳሱ በር ላይ ቆመው ሙሽራዋ የትኛዋ ናት ሲሉት በጣቱ አሳያቸው።