የኮረብታው ቤት ቀይ ምንጣፍ

የወለል ሰም በሚሸትበት ቤት መቀመጥ አልችልም። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አዲስ ሆቴል ገብቼ፣ ልጃገረዶች የእንጨቱን ወለል ሰም ቀብተው በጨርቅ ሲወለውሉ ብደርስ፣ ያዘዝሁትን ሻይ ሳልቀምሰው ተነሥቼ ወጣሁ። አብራኝ የነበረችው ልጄ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» እያለች ተከተለችኝ። አላመመኝም። ያ ሽታ ከዓባይ መውጫ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ወደ ተሠራው ቤተ መንግሥት፣ ወደ ልጅነቴ ሰፈር ይዞኝ ሄዶ ነው።

እኛ የቤተ መንግሥት ሰዎች አልነበርንም፤ ሠራተኞች ነበርን። አባቴ ፈንታ ግንባታው ሲጀመር ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ የቀን ሠራተኛ ነበረ። ኮረብታው ከዚያ በፊት የከብት መዋያ እንደነበረ፣ ጣናንና ዓባይን ባንድ ላይ ስለሚያሳይ ለንጉሡ ማረፊያ እንደተመረጠ፣ እንጨቱና መስተዋቱ ከባሕር ማዶ መጥቶ በጭነት መኪና ሲወጣ የሰፈሩ ሰው መንገድ ዳር ተሰልፎ ያይ እንደነበረ ይነግረን ነበር። ቤቱ ሲያልቅ አባቴ ወለል ወልዋይና የዕቃ ጠባቂ ሆኖ ቀረ፤ እናቴ ደግሞ አንሶላና የገበታ ልብስ አጣቢ ሆነች። ከግቢው ጀርባ የሠራተኛ ቤት ተሰጥቶን ታላቅ ወንድሜ አንዳርጌና እኔ እዚያ አደግን።

ንጉሡ የሚመጡት አልፎ አልፎ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ነበር። መምጣታቸው ሲሰማ ዓመቱን ሙሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የከረመው ዕቃ ሁሉ ይገለጥ ነበር። እናቴ ያጠበችውን አንሶላ ሣሩ ላይ ስታሰጣው ኮረብታው ከሩቅ በረዶ የወረደበት ይመስል ነበር። አባቴ ጫማዬን አስወልቆ፣ እግሬን በጨርቅ ጠምጥሞ «በይ እንግዲህ ተንሸራተቺ» ይለኝና፣ እየሳቅሁ፣ እየወደቅሁ፣ የትልቁን አዳራሽ ወለል አብሬው እወለውል ነበር። ከጣሪያው የተንጠለጠለው የብርጭቆ መብራት ነፋስ ሲነካው ሲንሾካሾክ እሰማለሁ። የከፋይ መጋረጃዎቹ ከጣሪያ እስከ ወለል ይወርዳሉ፤ የወንበሮቹ እግር እንደ አንበሳ መዳፍ ተቀርጿል፤ ግድግዳውን የሞላው መስተዋት ዙሪያው ወርቅ የተቀባ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ሳይ፣ ከግድግዳ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሲወጣ፣ ከግድግዳው ጀርባ እሳት የሚያነድ ሰው የተደበቀ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአዳራሹ ምንጣፍ ነበር፤ ቀይ ሆኖ ዳር ዳሩን ሰማያዊ ሐረግ የዞረው፣ እግር ሲያርፍበት የሚውጥ። አባቴ በባዶ እግሩ እንኳ አይረግጠውም ነበር፤ በዳሩ ይዞራል እንጂ።

አብዮቱ በመጣበት ዓመት፣ አደይ አበባ ኮረብታውን ባለበሰበት ሰሞን፣ ወታደሮች በመኪና ዳገቱን ወጡ። አባቴ ቁልፎቹን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ከኋላው ኮቱን ይዤ ነበርሁ። ቀድሞ የገባው ወታደር ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር፤ መሣሪያውን አቀባብሎ አዳራሹ ውስጥ ዘው ሲል፣ ከፊት ለፊቱ መሣሪያ የደገነ ሰው ቆሞ አየ። ያየው በመስተዋቱ ውስጥ ራሱን ነው። ተኮሰ። መስተዋቱ ለአፍታ እንደቆመ ቆየና ከላይ እስከ ታች ተናደ። የቀሩት ሮጠው ገብተው ነገሩን ሲረዱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ አንዱ መብራቱን መታ፣ ሌላው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሥዕሎች፤ የሳቁና የተኩሱ ድምፅ ተደባለቀ፣ ብርጭቆ እንደ በረዶ ወረደ። አባቴ እኔን ከሥሩ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ጉንጩ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጩ ይወርድ ነበር።

«አንተ የማን ነህ?» አለው አንዱ።

«የቤቱ ሠራተኛ ነኝ።»

«ቤቱ የሕዝብ ሆኗል! እንግዲህ የሕዝብ ሠራተኛ ነህ፤ ጥረግ!»

አባቴ መጥረጊያውን አምጥቶ ጠረገ። ያን ቀን ሙሉ ሲጠርግ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግቢው የወታደር ሰፈር ሆነ። በበጋ በግቢው ዛፍ ላይ የሰቀሉትን ጣሳ ሲተኩሱ ይውሉ ነበር፤ በክረምት አዳራሹ ውስጥ ገብተው ጭቃ የነካ ጫማቸውን ባለ አንበሳ እግሩ ወንበር ላይ ሰቅለው ካርታ ይጫወቱ ነበር። በኋላ የመጣው አዛዥ፣ አንድ የመቶ አለቃ፣ ካርታውን ከለከለ፣ የተሰበረውን መስኮት አስጠገነ፣ አባቴንም «ምንጣፉን ታውቅበታለህ፤ አንተ ጠብቀው» አለው። እናቴ «ይኸስ ሰው ይመስላል» አለች። ሰውየው ዕቃ ይወድ ነበር። ወንበሩን በመዳፉ እየዳሰሰ ያልፍ ነበር።

ከተማው ውስጥ ሬሳ መንገድ ዳር ማደር በጀመረበት ዘመን፣ ያ አዳራሽ የምርመራ ቦታ ሆነ። ከትምህርት ቤት፣ ከፋብሪካ፣ ከየቀበሌው የተያዙ ወጣቶች በጭነት መኪና ይወጣሉ። የመቶ አለቃው መጀመሪያ የሚያስጠራው አባቴን ነበር። «ፈንታ፣ ምንጣፉን ጠቅልል!» ይለዋል። ደም እንዳይነካው ነው። አባቴ ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር ጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ያስጠጋውና ይወጣል። ሲጨርሱ ተጠርቶ ወለሉን ያጥባል፣ ሰም ይቀባል፣ ምንጣፉን መልሶ ይዘረጋል። እኛ ቤታችን ውስጥ ሆነን ጩኸቱን እንሰማ ነበር። እናቴ መስኮቱን ዘግታ ከፍ ባለ ድምፅ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ እንዳንሰማ። አባቴ ሲመለስ እጁን ደጋግሞ ታጥቦ ገበታው ላይ ይቀመጥና አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ ይነሣ ነበር። አንድ ቀን አንዳርጌ «አባ፣ ለምን አትተወውም?» ሲለው፣ «ትቼ የት ልግባ? እናንተንስ የት ላግባ?» ብሎት ፊቱን አዞረ።

በግንቦት ነው፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ሳይወርድ ባረፈደበት ቀን። አንዳርጌ እንደ ወትሮው ማልዶ ወደ ትምህርት ቤት ወርዶ ነበር። ከቀትር በኋላ የአባቴን ምሳ ይዤ በአዳራሹ የጀርባ በር ስገባ፣ ልጆች ግድግዳውን ይዘው ተሰልፈዋል፣ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሯል። መካከላቸው ወንድሜ ነበር። ከንፈሩ አብጦ፣ ሸሚዙ እስከ ብብቱ ተቀድዶ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ጭንቅላቱን በጥቂቱ ነቀነቀ፣ እንዳታውቂኝ ሲል ነው። አፌን በእጄ ያዝሁ።

አባቴ በዋናው በር ገባ። የመቶ አለቃው ቀና ብሎ ሳያየው «ጠቅልል» አለ።

አባቴ ጎንበስ አለ። የምንጣፉን ጫፍ ያዘና ትንሽ አነሣ። በዚያን ጊዜ ልጁን አየ። ጫፉ ከእጁ ወደቀ።

«አልሰማህም? ከነገ ወዲያ ከላይ እንግዳ ይመጣል፤ ምንጣፉን ጠቅልል!»

«ጌታዬ፣ ይኸ ልጄ ነው።»

«የትኛው?»

አባቴ ሄዶ አንዳርጌን ከሰልፉ ጎትቶ ምንጣፉ መሐል አስተኛውና በላዩ ላይ ተደፋበት። ዕድሜ ልኩን ያልረገጠው ምንጣፍ ላይ ነው የተኛው። «እንግዲህ ሁለታችንንም» አለ። ወታደሮቹ ዘለው ያዙት። ክርኑን ይዘው ሲጎትቱት አልላቀቅ አለ፤ በሰደፍ ጀርባውን መቱት፣ አልላቀቀም፤ ከዚያ አንዱ ክንዱን በሰደፍ ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እንደ ደረቅ ጭራሮ ነበር ድምፁ። ምሳውን ጥዬ ሮጥሁና የወታደሩን እጅ ነከስሁት፤ ጥርሴ አጥንቱን ሲነካ ተሰማኝ። ሲወረውረኝ ግንባሬ ከበሩ ጠርዝ ተጋጨ። ዛሬም ከቅንድቤ በላይ ያለው ጠባሳ የዚያን ቀን ነው። ዓይኔን ደም ሸፍኖት እንኳ የአባቴ ራስ ሲመታ፣ ደሙም በቀዩ ምንጣፍና በሰማያዊው ሐረግ ላይ ሲሰፋ አይ ነበር።

የመቶ አለቃው እንደ እብድ ጮኸ። በአባቴ አልነበረም የተናደደው። «ምንጣፉን! ምንጣፉን አበላሻችሁት እኮ! ምን ብዬ ነው የማቀርበው? አውጡልኝ፣ ሁሉንም አውጡልኝ! ሽማግሌውንና ልጁን ከዓይኔ አጥፉልኝ!»

አባቴን ደጅ አውጥተው ጣሉት፤ አንዳርጌን ለብቻው ወደ ከተማው እስር ቤት ወሰዱት። ሌሎቹን ምድር ቤት አውርደው ዘጉባቸው። በማግሥቱ ጠዋት በሸራ የተሸፈነ መኪና ወርዶ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ሲሄድ ሠራተኞቹ አዩት። ከእነዚያ ልጆች አንድም ወደ ቤቱ አልተመለሰም። እናቶቻቸው ለብዙ ክረምት ከኮረብታው ሥር ቆመው ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር።

እኛንም በዚያው ሰሞን ከግቢ አስወጡን። ዝናቡ ያን ቀን ወረደ፤ እናቴ ፍራሹን በራሷ፣ እኔ ድስቱን በጀርባዬ፣ አባቴ የተሰበረ እጁን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዳገቱን በጭቃ ወረድን። ወጌሻ አሸው፤ እጁ ግን ተጣምሞ ገጠመና ከዚያ ወዲያ ጽዋ እንኳ አያነሣም ነበር። ጣና ዳር የእናቴ ዘመዶች ጓሮ ጠጋ ብለን ኖርን። እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ።

አንዳርጌ በእስር ቤቱም ተገርፏል። ከዓመታት በኋላ ሲለቀቅ የውስጥ እግሩ እንደ ቅርፊት ደርቆ፣ በከዘራ ነበር የመጣው። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ አለቀሰች፤ አባቴ ግን በጤናማ እጁ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ብላ» አለው ብቻ። አባትና ልጅ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ የሰማሁት አባቴ እስኪሞት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መስከረም ላይ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ።

«አባ፣ ያን ቀን ምን አስበህ ነው?» አለ አንዳርጌ።

«ምንም አላሰብሁም። ጠቅልል አሉኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

«የቀሩት ልጆች ግን…»

አባቴ የተጣመመ እጁን በደህናው አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «የእነሱ አባት አልነበረም እዚያ» አለ፤ «እኔ ነበርሁ። ለእነሱም እጄ እምቢ ማለት ነበረበት።» ከዚያ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ዘንድሮ ልጄን ስንድር ሙሽሮቹ ፎቶ ለመነሣት ወደዚያ ኮረብታ መውጣት ፈለጉ፤ ከተማው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቤቱ ዝግ ነው፤ ዘበኛው ከበሩ አያሳልፍም። እኔ አልከለከልኋቸውም፣ ታሪኩንም አልነገርኋቸውም። አንዳርጌ ከመኪናው አይወርድም ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ከዘራውን ይዞ ወረደና ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ዓባይን ተመለከተ። ሙሽራዋ «አጎቴ፣ መሐል ግቡልን!» ብላ ስትጣራ ሄዶ ከመካከላቸው ቆመ። ፎቶ አንሺው «ሳቁ!» ሲል ሁሉም ሳቁ፤ ድምፃቸው እስከ ቤቱ ግድግዳ ሄዶ ተመለሰ። ያኔ ከዚህ ኮረብታ ድምፅ ሲሰማ ታች ያለው ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋ ነበር። አሁን ከሥር መንገድ የምታልፍ አንዲት ሴት ቀና ብላ አየችንና እልል አለችልን።