ሃያ አራት ጥርስ ወደ ደንገጎ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል። ከድሬዳዋ ተነስቼ ዓለማያ፣ አባቴ ዘንድ እየሄድኩ ነው፤ ያውም በብስክሌት። አምናም በዚሁ መንገድ ሄጄ የደንገጎን ዳገት ግማሹን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። አባባን ግን እግሬ መሬት ሳይነካ ደረስኩ ብዬ ዋሸሁት። ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ነው፤ ዝም አለኝ። ያ ዝምታው ዓመቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ። ዘንድሮ ሳልወርድ እወጣዋለሁ ብዬ ቆርጫለሁ።

የአምናው ጥፋት የማርሹ ነበር፤ ማለቴ የእኔ። የድሬ ጎረምሳ ማርሽ የሚሞክረው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ሜዳው ላይ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር። የኋላው ማርሽ ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ብስክሌቱ ይፈጥናል፣ ጎረምሳውም ይኮራል። እኔም በአስራ ስድስት ጥርስ ከዚራን ሳስጨንቅ ነው የኖርኩት። ዳገቱን ማን አስቦት!

ሐሙስ ዕለት ብስክሌት አዳሹ ጋሽ አብዲ ባለ ሃያ አራት ጥርስ አወጣልኝ። ሳህን ያክላል፤ ዳገት ላይ ይቀላል፣ ሜዳ ላይ ግን ቀርፋፋ ነው። ይህን ገጥሜ ከዚራ ሰው ቢያየኝ መሳቂያ መሆኔ ነው ብዬ ተከራከርኩት።

«ወርያ፣ አንተ ልጅ፣ የምትሄደው ከዚራ ነው ደንገጎ?» አለኝ።

አስገጠምኩት።

አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሜዳው ላይ እግሬ እንደ ስፌት መኪና እየፈጠነ ብስክሌቱ ግን ይንቀረፈፋል። ኩሊዎች የጫነ ካሚዮን አልፎኝ ሲሄድ ሳቃቸው እስከ ኩርባው ተሰማኝ። ሳቁ አልኩ በሆዴ። ዳገቱ ሥር በአስር ሳንቲም ሁለት ሳምቡሳ በልቼ፣ ሻይ ጠጥቼ ጀመርኩ።

ማርሹ ጉድ ነው! በዝግታም ቢሆን ይወጣል። አምና የወረድኩበት ኩርባ ላይ ግን ብስክሌቱ ሊቆም ምንም አልቀረውም፣ ላቡም ዓይኔን አቃጠለኝ። ወተት ይዛ ወደ ድሬ የምትወርድ ሴት አዘነችልኝ።

«ወንድሜ፣ ውረድና እረፍ። ማን ያይሃል?»

እውነቷን ነው፣ ማንም አያየኝም። አምናም ማንም አላየኝም። ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ አናቱ ላይ ነበርኩ። ነፋሱ ሲመታኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ዓለማያ ስደርስ አባባ በር ላይ ተቀምጧል። አሁን ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ የአምናውን ውሸት ዘንድሮ እውነት አድርጌዋለሁ። ግን አላስቻለኝም።

«አባባ፣ አምና ዋሽቼህ ነበር። ገፍቼ ነው የመጣሁት።»

በር ላይ ያወለቅኩትን ጫማ አንስቶ ገለበጠው።

«አምና ሶሉ በጠጠር ተበልቶ ነበር» አለ። «እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩህ።»

አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ምሳ አብረን በላን።

እሑድ ከሰዓት ድሬ ገባሁ። ከዚራ ላይ ጓደኞቼ ማርሹን አይተው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ለካ እስከ ዛሬ ማርሽ የመረጥኩት ለሚያየኝ ሰው እንጂ ለምሄድበት መንገድ አልነበረም። ጋሽ አብዲ አስራ ስድስቱን ልመልስልህ ወይ ሲለኝ፣ ተወው፣ አባባ ዘንድ ገና እመላለሳለሁ አልኩት።