ያልተደራጀው ነርቭ
ሰውዬው መተማ ክሊኒክ የመጣው ለትራክተር ነጂነት የጤና ወረቀት ፍለጋ ነው። በዚያ ሐሩር ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ፊቱ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ነው፣ አይነበብም። የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ሲለካው የደም ግፊቱ ደህና ነበር፤ መመሪያው ግን ልኬቱ ወረቀቱን በሚፈርመው ካድሬ ፊት ይደገም ይላል።

ካድሬው ገባ፤ ድሮ የተከለከለ በራሪ ወረቀት በድብቅ አብሮት ያነበበ፣ ኋላ ጠቁሞ ያሳሰረው ጓደኛው።

«ጓድ! ተርፈሃል እንዴ?»

ሰውዬው ፈገግ አለ። ነርቭ ግን ገና ያልተደራጀ አድሃሪ ነው፤ ስብሰባ ሳያስፈቅድ ደም ሥሩን አጥብቦ ልቡን አስጋለበ። ድሬሰሩ ዳግም ሲለካው የግፊት መለኪያው ሜርኩሪ ወረቀት ከሚያስከለክለው መስመር በላይ ወጣ።

«ዶክተር፣ እሱ ሲወጣ ይለኩኝ» አለ ድሬሰሩን በሹክሹክታ።

ካድሬው ሰምቶ ወንበር ሳበ።

«እስኪወርድለት እጠብቃለሁ፤ ወዳጄ አይደል?»