የትራም ነጂዋ ሳቬታ እና የዓለም ቅርጫ

ሳቬታ ቲሚሾአራ ከተማ ውስጥ ትራም መንዳት ከጀመረች ሃያ ሦስት ዓመት አልፏታል። ወደ ፌርማታው እየሮጠ የሚመጣ ሰው ካየች በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች፤ ግን በድምፅ ማጉያው «ነገ አምስት ደቂቃ ቀደም ብለህ ተነሣ፣ የኔ ጌታ» ሳትለው አትንቀሳቀስም። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል። አለቃዋ ግን በዚሁ ምክንያት ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎባታል። እንዲህ ለሰው የማትመለስ ሴት፣ የገንዘብ ነገር ሲነሣ አንደበቷ ይታሰር ነበር።

ምክንያት ነበራት። የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለች «አንድ ስጡን፣ በሦስት ወር ስምንት አድርገን እንመልሳለን» የሚል ድርጅት ተነሥቶ አገሩን አሳብዶት ነበር። አባቷ ሁለት ላሞቹን ሸጠና ገንዘቡን ወስዶ አስረከበ። ድርጅቱ እንደ ጉም ተነነ። እናቷ ያን ክረምት ሙሉ አባቷን «ጨው አቀብለኝ» እንኳ አላለችውም፤ ጨው ስትፈልግ የምትነግረው ለሳቬታ ነበር፣ ጨው የሚቀመጠው ደግሞ አባቷ ፊት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ሳቬታም ሠርታ ያተረፈቻትን የአገሯን ገንዘብ፣ አርባ ሺህ ሌይ ይዛ በቀጥታ ሰፈሯ ወዳለው ባንክ ሄደች። የባንኩ ልጅ ፈገግ ብላ «ይሄ የራሳችን ፈንድ ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ የኩባንያ ድርሻ ይገዛበታል፤ ባለሙያዎች ናቸው የሚያስተዳድሩት» ስትላት ፈረመች። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልጠየቀችም።

እንድትጠይቅ ያደረጋት ጋሽ ሌዎንቴ ነው። ጋሽ ሌዎንቴ የትራም ጋራዡ መካኒክ ነው። በቋጣሪነቱ የሚታወቅ፣ አንድ ጃኬት ዐሥራ አራት ዓመት የለበሰ፣ ምሳውን ሁልጊዜ ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳቬታ ከባንክ የመጣላትን ደብዳቤ ስታነብ አየና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስንት አተረፈልሽ?»

«ያው ትንሽ ጨምሯል። ብዙም አይደለም።»

«እነሱስ ስንት ይወስዱብሻል?»

«ምንም። አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም እኮ።»

ጋሽ ሌዎንቴ የጀመረውን ዳቦ አስቀመጠ። ይሄ ሰውዬ የጀመረውን ዳቦ ሲያስቀምጥ ያየው ሰው አልነበረም። «ሂጂና ጠይቂያቸው» አላት።

በማግሥቱ ሄደች።

«በዓመት ስንት ነው የምትወስዱት?» አለች ለባንኩ ልጅ።

«የሚከፍሉት ነገር የለም ወይዘሮ ሳቬታ። ዋጋው ውስጥ ተካቷል።»

«እኮ ስንት ሆኖ ነው የተካተተው?»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ነካካችና «ከመቶ ሁለት ነጥብ አንድ» አለች።

«ካተረፋችሁልኝ ላይ?»

«ከጠቅላላው ላይ።»

«የከሰራችሁ ዓመትም?»

«የከሰርንም ዓመት።» ልጅቷ ግራ ቀኟን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት? እኔም የራሴን እዚህ አላስቀምጥም።»

ሳቬታ የዚያን ቀን በድምፅ ማጉያው በማንም ላይ አልቀለደችም። በልቧ ስታባዛ ዋለች፤ በዓመት ስምንት መቶ ሌይ፣ በስድስት ዓመት ወደ አምስት ሺህ። በሯን ከፍታ ያስገባቻቸው ሌቦች ፈገግ እያሉ ነበር የወሰዱባት ማለት ነው። ለጋሽ ሌዎንቴ እንዲህ ብላ ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«ሌቦች አይደሉም። ፈርመሽላቸዋል። ሥጋ እንደሚመርጥ ሰው ኩባንያ የሚመርጥልሽ ቀጠሩ፣ የመራጩን ደመወዝ አንቺ ትከፍያለሽ። እኔ የምገዛው መራጭ የለውም።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኢቲኤፍ ይሉታል። ለገና አሳማ ታርዶ ቅርጫ ሲገባ አይተሽ የለም? ለእያንዳንዱ ከጭኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጆሮውም ይደርሰዋል። ይሄም የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች ቅርጫ ነው በይው። አንድ ፍሬ ስትገዢ፣ ከሺህ ከሚበልጡ ኩባንያዎች ከእያንዳንዱ ቅንጣት ቅንጣት ይደርስሻል። ስልክሽ ላይ፣ ፈቃድ ባለው የኢንተርኔት ደላላ በኩል ትገዣለሽ፤ በስምሽ ይቀመጣል።»

«አንዱ ቢከስርስ?»

«ሌላው አለ።»

«ሁሉም ቢከስሩስ?»

«ያኔማ ትራሙም ይቆማል። እኔና አንቺ ድንች ነው የምንተክለው።»

«የሚወስዱትስ ጋሼ?»

«ከመቶ ሌይ ላይ ሃያ ሳንቲም፣ በዓመት።»

ሳቬታ ስትፈራው የቆየችውን ጥያቄ አወጣችው። «ከአባቴ ስምንት እጥፍ በምን ይለያል?»

«ማንም ምንም ቃል አይገባልሽም» አላት። «ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ የሚልሽ ሰው ካገኘሽ፣ እሱን ነው መሸሽ።»

ቤት ስትገባ ባሏ ትራያን ሳርማሌውን፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለውን ሥጋ፣ አሙቆ ይጠብቃት ነበር። ትራያን የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው፤ ቁጡ ቢመስልም ቁጣው ከሾርባ በፊት ይበርዳል። የሰማችውን ነገረችው።

«ሁለቱ ላሞች አልበቁም?» አላት።

«እኔ ላም የለኝም ትራያን።»

«መኪናዋ አለች። እሷን ሸጠሽ እንዳትጨምሪበት፤ ጎማዋን እንኳ አትንኪ።»

እየተጨቃጨቁ ሳርማሌው አለቀ። በመጨረሻ ተስማሙ። የፈንዱ ገንዘብ ይወጣል፤ ግማሹ ለክፉ ቀን ባንክ ይቀመጣል፣ ግማሹንና ቅዳሜ እየሠራች የምታገኘውን ተጨማሪ ክፍያ ግን እሷ እንደፈለገች ታደርገዋለች። «ከከሰርሽ እኔ አላውቅም» አለ ትራያን። «ካተረፍኩም አታውቅም» አለችው።

እረፍት በሆነችበት ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት ተቀምጣ የደላላውን መተግበሪያ ስልኳ ላይ ከፈተች። «ግዛ» የሚለው ቁልፍ አረንጓዴ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት አርባ ቶን ብረት የነዳችው ሴት ቁልፉን ከመንካቷ በፊት ሦስት ጊዜ አነበበችው። ያን ቀን አንድ ፍሬ ብቻ ገዛች። ምንም አልሆነም፤ ጣሪያውም አልወደቀም። ማክሰኞ በቀረው ገንዘብ ጨምራ ገዛች። ከዚያ በኋላ ደመወዝ በወጣ በማግሥቱ፣ ዋጋውን እንኳ ሳታይ ትገዛ ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰባ አራት ፍሬ ኖራት።

በዚያው ዓመት ጸደይ የአክሲዮን ገበያው ወደቀ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከዋጋው ከአራት እጅ አንዱ ሄደ። ሬዲዮው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ሳቬታ በመጨረሻው ፌርማታ ላይ ትራሙን አቁማ ስልኳን ከፈተች፤ ሁሉም ቁጥር ቀይ ነው። ጣቷ «ሽጥ» ላይ አረፈ። አባቷ ታያት፣ የዚያ ክረምት ዝምታ ታያት። በዚህ መሀል አንዲት አሮጊት መስኮቱን አንኳኩተው «ልጄ፣ ይሄ ትራም ይሄዳል ወይስ እዚሁ ነው የሚያድረው?» አሏት። ስልኩን ኪሷ ከተተችና ነዳች።

ጋሽ ሌዎንቴ ያን ሰሞን ሆዱ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ከሥራ እንደወጣች ብርቱካን ይዛ ሄደች። ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰችም።

«ጋሼ፣ ልሸጥ ነው።»

«ስንት ፍሬ ነበረሽ?»

«ሰባ አራት።»

«አሁንስ?»

«ሰባ አራት።»

«ታዲያ ማን ምን ወሰደብሽ?» ብርቱካን መላጥ ጀመረ። «ገበያ ሄደሽ ቲማቲም ረክሶ ስታገኚ ታለቅሻለሽ?»

«ቲማቲምማ እኔ ገዢ ነኝ።»

«እዚህስ ምን ነሽ? ጡረታሽ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ነገ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ሰው ይፍራ። የክፉ ቀኑን ለይተሽ አስቀምጠሽ የለም?»

«እርስዎስ አልፈሩም?»

«በመጀመሪያው ጊዜ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። ሚስቴ ሞት የደረሰብኝ መስሏት ቄስ ጠራች።»

ሳቬታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱም ስፌቱን ይዞ ሳቀ። ነርሷ መጥታ «እመቤቴ፣ ስፌቱ ይፈታል፤ ወይ አታስቂያቸው ወይ ውጪ» ብላ ተቆጣቻት።

አልሸጠችም። ደመወዝ ሲወጣ እንደ ወትሮው ገዛች፤ በርካሹ ዋጋ። ለትራያን የወረደውን ሳትደብቅ ነገረችው። ሦስት ቀን «ነግሬሽ ነበር» ሲላት ከረመ፣ በአራተኛው ቀን ሰለቸው። ዋጋው ወደ ቀድሞ ቦታው ለመመለስ ዐሥራ አራት ወር ፈጀበት፤ ከዚያም አልፎ ሄደ።

ትራያን ታዲያ ቀስ በቀስ «ያ አሳማሽ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ማለት አመጣ። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። በኋላ ሳያሾፍ ይጠይቅ ጀመር። አንድ እሑድ ሳቬታ ከገበያ ስትመለስ መታጠቢያ ቤቱ ተቆልፎ፣ ከውስጥ ባሏ ብቻውን ሲያወራ ሰማች።

«ወደ ግራ ዞሬያለሁ። ይኸው ወደ ቀኝ። ዓይኔን ልጨፍን? ጨፈንኩ።»

«ትራያን፣ ከማን ጋር ነው?»

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ስልኩን ይዞ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ቆሟል። ለካ እሱም ከሷ ተደብቆ ደላላው ዘንድ ሒሳብ ሊከፍት፣ ማንነቱ እንዲረጋገጥ ፊቱን ለስልኩ ካሜራ እያሳየ ነበር። መታወቂያው ላይ ያለው ትራያን ግን ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ አለው፤ ይሄኛው ከሳምንት በፊት ተላጭቷል።

«መታወቂያው ላይ ያለው ሰው አንተ አይደለህም ይለኛል» አላት።

«እውነቱን ነው። እኔ የማውቀው ትራያን ይህን አይገዛም።»

ሪዙ እስኪያድግ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። በሦስቱ ሳምንት ዋጋው ሁለት ከመቶ ጨመረ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ምላጭ ባየ ቁጥር ይቆጨዋል።

ይህ ሁሉ ሀብታም አላደረጋቸውም። ያው ሁለት ክፍል ቤት፣ ያችው መኪና። ሳቬታ ግን ሃምሳ ስድስተኛ ዓመቷን ባከበረች ሰሞን ቁጭ ብላ አስልታ፣ ያጠራቀመችው ለጡረታዋ መደጎሚያ እንደሚበቃት ስላመነች ለአለቃዋ ከእንግዲህ ቅዳሜ እንደማትሠራ ነገረችው። አለቃዋ «ተሳፋሪዎቹ ቅር ይላቸዋል» አላት፤ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ምስጋና ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ባልና ሚስት ወንዝ ዳር ዓሣ ያጠምዳሉ። ትራያን በየሩብ ሰዓቱ ስልኩን ያያል። ገበያው ቅዳሜ ዝግ መሆኑን ሳቬታ ነግራዋለች፤ እሱም ያውቃል።