እንቁላል የበላው ልጅ

ልጅ ሳለሁ የጅብ ጩኸት እንኳ እንደ እንቁላል አያስፈራኝም ነበር። ያኔ ቴፒ አጠገብ፣ ቡና በምናሰጣበት ደጅ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ማታ ማታ ፍም እየቆሰቆሱ ተረት ያወሩልን ነበር። በሳቸው ተረት፣ አፉን ሳይፈታ እንቁላል የበላ ሕፃን ጉሮሮው ውስጥ ጫጩት ትፈለፈልበታለች፤ እናቱ በስሙ ስትጠራው «አቤት» ማለት አቅቶት እንደ ጫጩት «ጭው ጭው» ይላል። ሌሎቹ ልጆች ጭሱ ዓይናቸውን እያቃጠላቸው ይስቃሉ፤ እኔ ግን ስተኛ ጉሮሮዬን እዳብስ ነበር።

እናቴ ትንሿን እህታችንን ስትወልድ ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ጡት ተወ። ገና አፉን አልፈታም። ጠዋት ጎደሬ፣ ማታ ጎደሬ ይበላል፤ የዶሮዎቻችን እንቁላል ገበያ ይወጣል። ጉንጩና እግሩ ሲያብጥ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ወፈረ!» አለ፤ እናቴም ዓይን እንዳያርፍበት ትሸሽገው ጀመር። ፀጉሩ ቀላ፣ ሳቁ ጠፋ። ጤና ጣቢያ የወሰድነው ማልቀስ እንኳ ሲያቅተው ነው። ነርሷ እግሩን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«ውፍረት አይደለም እህቴ፣ ውኃ ነው» አለች። «ፕሮቲን አጥሮታል። ፕሮቲን ማለት እንደ ዶቃ ነው፤ ሰውነት የበላነውን ከክሩ ይፈታና ለሥጋው፣ ለደሙ፣ ለፀጉሩ እንደገና ይሰካዋል። አንዳንዱን ፍሬ ግን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ነው የሚያገኘው። ጎደሬ ሆድ ይሞላል እንጂ ይሄን አይሞላም።»

እዚያው ተኝቶ በልዩ ወተት ታክሞ ሲወጣ እንቁላል፣ ባቄላና ምስር ስጡት ተባልን።

እናቴ የተቀቀለውን እንቁላል ስትልጥ እጇን ያዝኩት። «እማዬ፣ ድምፁን ትወስድበታለች!»

«ማን?»

«ጫጩቷ!»

እሷም ተረቱን ሰምታ ያደገች ናት። «ዲዳም ሆኖ ይኑርልኝ» አለችና አጎረሰችው።

ታሪኩ ዝም አለ። በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም ዝም። እኔ በየቀኑ ጆሮዬን ጉሮሮው ላይ እለጥፍ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ባቄላ ስቆረጥም አይቶ፣ እጄን ጎትቶ «ስጪኝ!» ሲለኝ እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ዛሬ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ሰሌዳው ላይ ዶቃ እስላለሁ። ሆኖም ለልጄ የመጀመሪያውን እንቁላል ሳጎርሳት ጉሮሮዋን ዳበስኩ። እኔ ተረት መሆኑን እያወቅሁ ነው የፈራሁት፤ እናቴ ግን እውነት ነው ብላ እያመነች ወንድሜን አጎረሰችው።