ባለ ጫማው ፊደል

አቶ ወንዳፈራሁ ጠዋት ጠዋት የሱቃቸውን በር ከመክፈታቸው በፊት፣ ቀለም ያልነካ ብሩሻቸውን በግራ መዳፋቸው ላይ ወደ ታች ይስቡታል፤ ታች ሲደርሱ ግራና ቀኝ ያጋድሙታል። አንድ እግር፣ ከሥሩ አንድ ጫማ።

የመሐል ሜዳ ከተማ ሰው ታፔላ ጸሐፊውን የሚያውቃቸው በዚህ ባለ ጫማ ፊደል ነው። የወፍጮ ቤቱም የጸጉር ቤቱም ታፔላ የእሳቸው እጅ ነው። ፊደሎቹ እንደ ቤት ምሰሶ የደነደኑ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሰፊ ጫማ አለ። ጉም ከተማውን ሲውጠው ቀጫጭኑ ጽሑፍ ሁሉ ይጠፋና እነሱ ብቻ ቆመው ይታያሉ። ለረጅም ነገር ግን አይሆኑም፤ ቦታ ይበላሉ። አንድ ስም፣ ቢበዛ ሁለት ቃል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ካሳነሽ ያረፉ ጊዜ፣ ልጃቸው ብርነሽ ለአርባቸው የሚቆም የመቃብር ድንጋይ ደብረ ብርሃን አሠርታ አመጣች። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። የተወለዱበት፣ ያረፉበት፣ የልጆቻቸው ስም ሳይቀር በቀጭን ፊደል ተቀርጾበታል። አቶ ወንዳፈራሁ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አላማረም አባባ?»

«አምሯል። ግን ስሟን እኔ ልጻፈው።»

«በዚያ በወፍራሙ?»

«በእሱ ነው እንጂ።»

የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ አማኑኤል ድንጋዩን ሊያዩ መጥተው ነበርና ሳቅ አመለጣቸው። «ምነው ወንዳፈራሁ፣ ሱቅ ልትከፍትላት ነው? ‹ካሳነሽ የባና ብርድ ልብስ መሸጫ› በልበትና ይለይልህ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አቶ ወንዳፈራሁ አጸፋውን ያውቁበታል። ያን ቀን ግን ጥርሳቸው አልተገለጠም።

«አንተ አታውቅም» አሉ ብቻ።

አቶ ወልደ አማኑኤል ደነገጡ። «ቀልዴን እኮ ነው፤ ተው እንግዲህ።»

ብርነሽ የተቀረጸውን ማበላሸት አልሆነላትም፤ አባቷን መከልከልም ከበዳት። ድንጋዩን ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ጀርባውስ?» አለች ቀስ ብላ።

ጀርባው ባዶ ነበር። ሲቆም ፊቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ጀርባው ወደ ገበያው መንገድ ይዞራል። ስላልተለሰለሰ ቀለም ይይዛል።

አቶ ወንዳፈራሁ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥረው መስመር አወጡ። እጃቸው እንደ ድሮው አይታዘዝም። ዳሩን ሠርተው ያርፋሉ፣ ውስጡን በነጭ ሞልተው ያርፋሉ። ጠርዙ ሲጣመም ተመልሰው ያቀኑታል። «ነ» ላይ ሲደርሱ ቆዩ። በአንድ እግሯ የምትቆም ናትና እንዳትወድቅ የሰጉላት ይመስል ጫማዋን ከሌሎቹ ሰፋ አደረጉላት። ብርነሽ የቀለሙን ጣሳ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

በአርባው ዕለት ሰው በጉም ውስጥ በገበያው መንገድ መጣ። መቃብሩ ገና ሳይታይ ነጩ ስም ታየ። አቶ ወልደ አማኑኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አቶ ወንዳፈራሁ ይህን ታሪክ ለጻፈችው ወጣት ሁሉንም ሲነግሯት አንዲት ነገር ብቻ እንድትተውላቸው ለመኑ፤ ሟቿ ዕድሜ ልካቸውን ከጎረቤትም ከልጆቻቸውም የደበቁት ነውና። ወይዘሮ ካሳነሽ ማንበብ አይችሉም ነበር። በዓለም ላይ ካለ ጽሑፍ ሁሉ ለይተው የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፦ ባላቸው በወፍራሙ የሚጽፉላቸውን ስማቸውን።