ቅቤ የማይነካው ጫማ

እስካሁን ሳስበው ያቃጥለኛል። በጃንሆይ ጊዜ መካነ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ፣ ነጭ ተቀብቶ ቀይ አበባ በእጅ የተሳለበት የቆዳ ጫማ ከገበያ ገዛሁ። እግሬን ለክተው የሰፉት ይመስል ልክክ አለልኝ። ሻጩ፣ «እመቤት፣ ውሃና ቅባት እንዳያስነኩት። በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔም እንደ እንቁላል ያዝሁት።

አንድ ቀን አከራዬ ሸህ እንድሪስ ለዱአ ጠሩኝ። እሳቸው ቤት በጫማ አይገባም። ዓምና ለቅሶ ቤት ደጅ ያወለቅሁትን ጥቁር ጫማዬን ሌባ ወስዶብኛልና፣ ይኸኛውን ለባለቤታቸው ለእትዬ ዘሀራ አደራ ሰጠሁ።

ዱአው አልቆ ስወጣ እትዬ ዘሀራ ጫማዬን ጭናቸው ላይ አድርገው በቅቤ ያሹታል። አበባው የለም። ቀዩ ቀለም በሙሉ ጨርቃቸው ላይ ቀርቷል። ደሜ ፈላ።

«ምን አደረጉኝ? ይኸ ጫማ ቅባት አይነካውም እኮ።»

«ቆዳ ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል ልጄ። ጭቃውን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ ቀባሁልሽ።»

«አበላሹብኝ። ከእንግዲህ ቤትዎን አልረግጥም» ብዬ ከእጃቸው መነጨቅሁ።

እሳቸው አልተቆጡም። «ወላሂ፣ ሰውየው ቅዱን በቀለም ሸፍኖ ነው የሸጠልሽ። እስቲ ተረከዙን እይው» አሉኝ።

አየሁት። እዚያ ነጩም ለቆ፣ ከስሩ ቆዳው ጥቁር ነው። ተረከዙ ላይ የተቀደደው በቢጫ ክር ተሰፍቷል። ዓምና፣ ለቅሶ ልሄድ ስል፣ በወስፌ የሰፋሁት እኔው ነኝ።